የጋማ ከብት በሽታን በአገር ደረጃ መቆጣጠር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው በሽታ?

አንድ አገር የፈረስ፣ የአህያና የበቅሎ በሽታን ለመቆጣጠር ሲነሣ ሊመርጥባቸው የሚችላቸው መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መከተብ፣ መርምሮ የተያዘውን ማስወገድ፣ ዝውውርን መግታት፣ በሽታ አዛማች ነፍሳትን መከላከል፣ ማከም። አምስቱም በየተራቸው፣ በሆነ አገርና በሆነ በሽታ ላይ ታላቅ ውጤት አስገኝተዋል። ጉዳት የሚመጣው አንዱን በሽታ ያጠፋው መንገድ እንዳለ ተነሥቶ በሌላው ላይ ሲጫን ነው። ግላንደርስ የሚባለውን፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ከብዙ አገሮች የነቀለው መርምሮ የማስወገድ ዘመቻ ትንኝ በሚያዛምተው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ላይ ብቻውን ቢሞከር ፈረሶች ያልቃሉ፤ በሽታው ግን ትንኞቹ በሄዱበት ሁሉ ይቀጥላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ዕቅድ ለሚያወጡ፣ በጀት ለሚያጸድቁ፣ በማኅበርና በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩልም በውሳኔው ላይ ድምፅ ላላቸው ሰዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ብዙ ጊዜ ዕቅድ የሚወጣው በሽታው ስንት እንስሳ ገደለ ከሚለው ተነሥቶ ነው። እኔ ግን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይቀድማሉ እላለሁ፦ በሽታው ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚሻገረው በምንድን ነው? ባለቤቱስ እንስሳው መታመሙን ቢናገር ምን ያጣል? የመጀመሪያው ጥያቄ መሣሪያውን ይመርጥልናል፤ ሁለተኛው ያ መሣሪያ መሬት ላይ ይሠራ እንደሆነ ይነግረናል።

መሻገሪያውን መለየት

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚተላለፈው ኩሊኮይደስ በሚባሉ ደቃቅ ተናካሽ ትንኞች ነው። የታመመ ፈረስ ከጤነኛው ጎን ቢቆም ትንኝ እስከሌለ ድረስ በቀጥታ አያስይዘውም። ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽና በሳል፣ እንዲሁም በሠራተኞች እጅ፣ በልብስና በዕቃ ይዛመታል፤ ስለዚህም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉ ጋጣ ያዳርሳል። ግላንደርስ ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽና ከቁስል በሚወርድ መግል፣ በተለይም በጋራ የውኃና የመኖ ገንዳ በኩል ይሻገራል። የጋማ ከብቶች ተላላፊ የደም ማነስ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው ደም የሚገባ ነው፤ ትልልቅ ተናካሽ ዝንቦችና ለብዙ እንስሳ የዋለ አንድ መርፌ እኩል ያደርሱታል። ዱሪን የሚባለው የጥገኛ ተሐዋሲ በሽታ በስሪያ ይተላለፋል። ተላላፊ የሊምፍ ቧንቧ ብግነት የሚባለው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው፤ ያ ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተገኘው ከማይመጥን የጋሪ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ በዕቅዶች ውስጥ በብዛት የሚዘለል ነገር አለ። ፈረስ፣ አህያና በቅሎ ለአንድ በሽታ እኩል አይደሉም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በሽታውን ጭራሽ ከማያውቁ ፈረሶች ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል፤ በበቅሎ ላይ ግማሽ ያህሉን፤ በአህያ ላይ ግን የሚገድለው ጥቂቱን ሲሆን በአፍሪካ አህዮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እንኳ ሳያሳይ ያልፋል። በግላንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። አህያና በቅሎ በአጣዳፊው ዓይነት ተይዘው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ፤ ፈረስ ግን በሽታውን ተሸክሞ ለወራትና ለዓመታት እየሠራ፣ እየተሸጠና እያስያዘ ሊኖር ይችላል። በ2019 መጀመሪያ ኢንፍሉዌንዛ በምዕራብ አፍሪካ ሲዛመት ክፉኛ የተጎዱት አህዮች ነበሩ፤ በኒጀር ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አህዮች አልቀዋል። ፈረስን ብቻ ቆጥሮ የተሠራ ዕቅድ በመጀመሪያው በሽታ የተሸሸገውን ተሸካሚ፣ በሁለተኛው የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ በሦስተኛው ዋናውን ተጎጂ ሳያይ ይቀራል። በብዙ አገሮች አህያው በምዝገባ ውስጥ የለም፤ ባለቤቱም በማኅበር አልተደራጀም። ዕቅዱ ከዚህ ክፍተት ካልጀመረ ቀሪው ልፋት ሁሉ ለተመዘገቡት ጥቂቶች ብቻ ይውላል።

ክትባት፦ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

ክትባት በመጀመሪያ የሚነሣ አማራጭ ነው፤ ተወዳጅነቱም የሚገባው ነው። ባለቤቱ ምንም አያጣበትም፤ እንስሳው አይወሰድበትም፤ ዘመቻው ሲመጣ ራሱ እየነዳ ያመጣል። ነገር ግን ለግላንደርስ፣ ለዱሪንና ለሊምፍ ቧንቧ ብግነቱ በሰፊው አገልግሎት ላይ የዋለ አስተማማኝ ክትባት የለም። ለተላላፊው የደም ማነስ ቻይና በአህያ የደም ሕዋስ ላይ ያዳከመችውን ሕያው ክትባት በስፋት ሰጥታ ነበር፤ ሌሎች አገሮች ግን መንገዱን አልተከተሉትም። ዋናው ምክንያት የተከተበውን ከታመመው በደም ምርመራ መለየት አዳጋች ስለሚሆን ነው።

ክትባት ላለው በሽታ ግን ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አንድ ወር በግልጽ አሳይቷል። በነሐሴ 2007 የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ጃፓንም ወደ አውስትራሊያም ገባ። ጃፓን በ1971 ከደረሰባት ከባድ ወረርሽኝ በኋላ የእሽቅድምድም ፈረሶቿን ስትከትብ ኖራለች፤ በሽታው ቢገባም ውድድሩ የተቋረጠው ለአጭር ጊዜ ነበር። አውስትራሊያ ከበሽታው ነፃ ስለነበረች አትከትብም ነበር። ቫይረሱ ከኳራንታይን ጣቢያ አምልጦ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ከ70 ሺህ በላይ ፈረሶችን ያዘ። አገሪቱ የፈረስ ዝውውርን አቆመች፣ በወረርሽኙ ዙሪያና አደጋ ባለባቸው ቦታዎች ከ100 ሺህ በላይ ፈረሶችን ከተበች፣ የመጨረሻውም ታማሚ የታየው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ነበር። ከዚያም ከበሽታው ነፃ ወደመሆኗ ተመለሰች።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚወስዱት ትምህርት ይለያያል። አንዱ ጃፓን ትክክል ነበረች ይላል። ሌላው አውስትራሊያ በአራት ወር ውስጥ ማጥፋት መቻሏን ያነሣል። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ አውስትራሊያ ያን ያደረገችው የፈረሶቿን ባለቤቶች ስለምታውቅ፣ ላቦራቶሪዎቿ በቀን በሺዎች የሚቆጠር ናሙና ማየት ስለቻሉ፣ ዙሪያዋም ባሕር ስለሆነ ነው። የየብስ ድንበር ያላት፣ የጋማ ከብቶቿ ያልተመዘገቡባት አገር ሳይከተቡ ወረርሽኝ ጠብቆ የማጥፋትን ስልት ብትመርጥ የምትጫወተው በሰዎች እንጀራ ነው። ለእንዲህ ያለች አገር ቢያንስ በብዛት የሚጓጓዙትን፣ በገበያና በውድድር የሚገናኙትን ፈረሶችና አህዮች አስቀድሞ መከተብ ይሻላል።

የክትባቱ ዓይነት ራሱ ሌላ ምርጫ ነው። የተዳከመ ሕያው ክትባት ርካሽ ነው፣ በፍጥነት ይሠራል፣ በትንሽ መጠን ጠንካራ መከላከያ ይሰጣል። አደጋው ሕያው በመሆኑ ላይ ነው። ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ በስፋት የሚሰጠው ክትባት ይህ ነው። ቫይረሱ ሴሮታይፕ የሚባሉ 9 ዓይነቶች አሉት፤ የደቡብ አፍሪካው ክትባት በሁለት ብልቃጥ ተከፍሎ 7 ዓይነቶችን ይይዛል፤ ለቀሩት ሁለቱ የሚታመነው ተዛማጅ ዓይነቶች በሚሰጡት መከላከያ ላይ ነው። ችግሩ ትንኝ ከተከተበ ፈረስ ላይ ደም ስትመጥ የክትባቱን ቫይረስ ይዛ ልትሄድ መቻሏ ነው። በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ በ2004፣ በ2011 እና በ2014 የተነሡት ወረርሽኞች መነሻቸው ከክትባቱ ቫይረስ እንደነበር በዘረመል ምርመራ ታውቋል። በዚህ ምክንያት በዚያ የቁጥጥር አካባቢ ክትባት የሚሰጠው በፈቃድ ሲሆን ጊዜውም ትንኝ በሚቀንስባቸው ወራት፣ ከሰኔ 1 እስከ ጥቅምት 31 ባለው ውስጥ ነው። በሽታው በየዓመቱ በሚመላለስበት አገር ሕያው ክትባት አሁንም የተሻለው ምርጫ ነው እላለሁ፤ ግን ከትንኝ ወቅት በፊት፣ በአገሩ ውስጥ የትኞቹ ሴሮታይፖች እንደሚዘዋወሩ ታውቆ ሊሰጥ ይገባል። አንድ ሴሮታይፕ ብቻ የያዘ ክትባት ሌላው ሴሮታይፕ በሚዛመትበት ቦታ መስጠት ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ከተከተበ በኋላ ፈረሱ ሲሞት በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

በተገደለ ቫይረስ የሚሠራ ክትባት ወደ ሕያውነት አይመለስም፤ በአንጻሩ ተደጋጋሚ መጠን ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይበልጣል። አገዳደሉ ካልተሟላ ደግሞ ራሱ አደጋ ይሆናል። በላቲን አሜሪካ ለቬንዙዌላ የፈረስ የአንጎል ብግነት ይሰጡ የነበሩ፣ በፎርማሊን በአግባቡ ያልተገደሉ ክትባቶች ራሳቸው ወረርሽኝ እንዳስነሡ ተረጋግጧል። ሦስተኛው ዓይነት የቫይረሱን ቁራጭ ብቻ ጉዳት በሌለው ሌላ ቫይረስ ላይ የሚጭን ነው። አውስትራሊያ በ2007 የተጠቀመችው ይህን ሲሆን ትልቁ ጥቅሙ በደም ምርመራ የተከተበውን ከታመመው ለመለየት ማስቻሉ ነው። በሽታን ጨርሶ ለማጥፋት ያሰበች አገር ለዚህ ጥቅም ከፍ ያለ ዋጋ ብትከፍል አይቆጭም። ከበሽታው ጋር እየኖረች ሞትን ለመቀነስ ለምትሠራ አገር ግን ያው ገንዘብ በርካሹ ክትባት ብዙ እጥፍ እንስሳ ያዳርሳል።

መርምሮ ማስወገድ፦ ካሳ የሌለበት አይሞከር

ለግላንደርስ የተሻለ አማራጭ የለም። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሰውንም ይገድላል። ክትባት የለውም። በሽታው ያለበትን እንስሳ ማከምም አይመከርም፤ ምክንያቱም ምልክቱ ጠፍቶ ተሸካሚነቱ ይቀራል። ብሪታንያ የመጨረሻውን የግላንደርስ በሽታ ያየችው በ1928 ነው፤ ካናዳ በ1938፣ አሜሪካ ደግሞ በ1942 ተገላግለዋል። ሦስቱም የሄዱበት መንገድ አንድ ነው፦ ምርመራ፣ ማስወገድ፣ ጋጣና ገንዳ ማጽዳት፣ እንደገና ምርመራ።

ለምርመራው ያሉት አማራጮች መነጻጸር አለባቸው። ማሌይን የሚባለው ምርመራ ከባክቴሪያው የተዘጋጀ ፈሳሽ በታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ተወግቶ በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት የሚነበብ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ገጠር ይሠራል። ነገር ግን እንስሳውን ያሠቃያል፤ ደግሞም ማሌይን የተወጋ ጤነኛ እንስሳ በኋላ በደም ምርመራ የታመመ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ደሙ መወሰድ ያለበት ከመርፌው በፊት ነው። ኮምፕልመንት ፊክሴሽን የሚባለው የደም ምርመራ ለረጅም ዘመን የዓለም አቀፍ ንግድ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ለፈረስ ጥሩ ነው። የአህያና የበቅሎ ደም ግን የምርመራውን ሂደት ራሱን ስለሚያውክ ብዙ ጊዜ ውጤቱ አይነበብም። አብዛኛው የጋማ ከብቷ አህያ የሆነ አገር ይህን ምርመራ ብቻ ይዛ ዘመቻ ብትወጣ ብዙ ናሙና ያለ መልስ ይቀርባታል። ስለዚህ ኤላይዛና ዌስተርን ብሎት ከሚባሉት የደም ምርመራዎች የመጀመሪያውን ለመለያ፣ ሁለተኛውን ለማረጋገጫ የሚያጣምረው አሠራር ለእንዲህ ያለች አገር ይመረጣል። የላቦራቶሪ ሠራተኞችም ጥበቃ ሊደረግላቸው ይገባል፤ በ2000 በአሜሪካ አንድ ተመራማሪ በላቦራቶሪ ሥራው በግላንደርስ ተይዟል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ጋሪ ነጂው ፈረሱን መንግሥት ሊወስደው እንደሆነ ከሰማ ምን ያደርጋል? ማታውን ወደ ሌላ ከተማ ይነዳዋል ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ የቤተሰቡ ገቢ በዚያ ፈረስ ላይ ያረፈ ሰው የሚወስደው ውሳኔ ነው። ካሳ የሌለው የማስወገድ ሕግ በሽታውን ከአንድ ጋጣ ወደ አሥር ጋጣ የሚበትን ሕግ ነው። የካሳው መጠን ከገበያ ዋጋ ብዙ ካነሰም ውጤቱ ያው ነው፤ ክፍያው ከወራት በኋላ ከሆነም ያው ነው። ካሳ ለመክፈል በጀት የሌላት አገር መርምሮ ማስወገድን በአገር ደረጃ ከማወጇ በፊት በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ ከተማ ጀምራ በቃሏ መሠረት በቶሎ እየከፈለች አመኔታ ብትገነባ ይበጃታል።

ማስወገድ ሁልጊዜ መግደል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በተላላፊው የደም ማነስ የተያዘ እንስሳ ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ነው፤ መድኃኒትም የለውም። በአሜሪካ ግን ባለቤቱ ምርጫ አለው፦ እንስሳውን ማስወገድ፣ ወይም ምልክት አድርጎበት ከሌሎች ፈረሶች ቢያንስ 180 ሜትር ገደማ አርቆ ዕድሜ ልኩን ለይቶ ማኖር። ርቀቱ የተቀመጠበት ምክንያት ተናካሽ ዝንብ ከአንዱ ላይ ተባርራ ምግቧን ለመጨረስ የምትሄደው አቅራቢያዋ ወዳለው እንስሳ በመሆኑ ነው። በ1970 ሊሮይ ኮጊንስ የተባሉ ተመራማሪ ያወጡት የደም ምርመራ ለዝውውርና ለውድድር ግዴታ ሲሆን በዚያች አገር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 4 በመቶ ይጠጋ የነበረው የተያዙት ድርሻ ዛሬ ከ0.01 በመቶ በታች ወርዷል። የቀሩት ጥቂቶችም በአብዛኛው የሚገኙት መርፌ በጋራ በሚጠቀሙ ሕገ ወጥ እሽቅድምድሞች አካባቢ ነው። አየርላንድም በ2006 ይኸው በሽታ የገባባት በተበከለ የደም ፕላዝማ ምርት ነበር። ስለዚህ ለዚህ በሽታ ከሁሉ ርካሹና ፈጣኑ እርምጃ በየእንስሳው አንድ ንጹሕ መርፌ ነው።

በአንዳንድ በሽታ ላይ ደግሞ መርምሮ ማከም ይቻላል። በ2009 በቴክሳስ ከ400 በላይ ፈረሶች በመዥገር በሚተላለፈው ፓይሮፕላዝሞሲስ ተይዘው ሲገኙ ኢሚዶካርብ በተባለው መድኃኒት ከፍ ያለ መጠን ተሰጥቶ ጥገኛ ተሐዋሲውን ከደማቸው ማጥፋት ተችሏል። ያው መጠን ለአህያ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ለፈረስ የወጣውን የሕክምና መመሪያ ለአህያ መገልበጥ አይገባም። ዱሪንን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፦ የተያዙትን ከርቢ ማውጣት፣ በመሠረቱም ማስወገድ ነው፤ ለርቢ የሚገቡ እንስሳትም በሙሉ ይመርመሩ።

ዝውውርን መግታት

ይህ መንገድ በወረቀት ላይ ርካሽ ነው፤ በተግባር ግን ከሁሉ ውዱ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ወጪው የሚያርፈው መንግሥት ላይ ሳይሆን በየቀኑ እንስሳ ጭኖ በሚያድረው ሰው ላይ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ለጥቂት ሳምንታት ዝውውርን ማቆም ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ ግን ወሰኑ በጣም መስፋት አለበት፦ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በታመመ እንስሳ ዙሪያ የመጀመሪያው የጥበቃ ክልል 100 ኪሎ ሜትር፣ የክትትል ክልሉ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ራዲየስ አለው። ትንኞቹን ነፋስ ሩቅ ስለሚወስዳቸው ነው። ጋሪ የከተማዋ ዋና መጓጓዣ በሆነበት ቦታ ይህን ያህል ክልል መዝጋት የእህልና የውኃ አቅርቦትን መዝጋት ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሥራን በክልሉ ውስጥ ፈቅዶ ከክልሉ መውጣትን ብቻ መከልከልና ክልሉን በክትባት መሸፈን ይበልጥ ይከበራል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የሚለየው አማራጭ አገርን በሙሉ ከመጠበቅ ይልቅ አንድ አካባቢን ነፃ አድርጎ መጠበቅ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1997 በኬፕ ታውን ዙሪያ ያቋቋመችው የቁጥጥር አካባቢ የፈረስ ንግዷን ያሰበ ነበር። ቻይናም ለ2010 የጓንግዡ የእስያ ጨዋታዎች ከፈረስ በሽታ ነፃ የሆነ ቀጣና ፈጥራ የውድድር ፈረሶችን ተቀብላለች። ነፃ ቀጣና ለንግድና ለውድድር ድንቅ መሣሪያ ነው። ለሥራ እንስሳት ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ በጀቱን በሙሉ ለእርሱ ያዋለች አገር ከአጥሩ ውጭ ያለውን ብዙኃኑን ትታዋለች።

ድንበር ላይ የሚደረገው ቁጥጥርም የሚያየው በሕጋዊው በር የሚያልፈውን ብቻ ነው። ለቆዳቸው ሲባል በሌሊት በሩቅ አገር የሚነዱት አህዮች በማንኛውም የጤና ወረቀት ላይ አይገኙም። የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2024 አህያን ለቆዳው ማረድን ለማገድ ያሳለፈው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወራው ከአህዮቹ ቁጥር መመናመን ጋር ብቻ ተያይዞ ነው። ለበሽታ ቁጥጥርም ከብዙ የድንበር ኬላ ይልቅ የሚጠቅም እርምጃ ነው። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ በሕጋዊ በር የሚገባውም በሽታ ሊያስገባ ይችላል። በ1987 ስፔንን ለዓመታት ያስጨነቀው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የገባው ከናሚቢያ ለዱር እንስሳት ፓርክ በመጡ የሜዳ አህዮች ነበር፤ የሜዳ አህያ ቫይረሱን ይዞ ሕመም አያሳይም። በሽታው ክረምቱን ተሻግሮ እስከ 1990 ቆየ፤ በ1989ም ወደ ፖርቱጋልና ወደ ሞሮኮ ዘለቀ። ፖርቱጋል ክትባትን፣ የዝውውር ገደብንና የታመሙትን ማስወገድን አንድ ላይ አድርጋ በአጭር ጊዜ ተገላገለችው።

ነፍሳትን መከላከል

ኩሊኮይደስን ከአገር ማጥፋት አይቻልም፤ መራቢያዋ እርጥብ አፈርና እበት ያለበት ሁሉ ነው። የሚቻለው ፈረሱን ከንክሻ መሸሸግ ነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ ማስገባት፣ እስኪነጋ አለማውጣት፣ በርና መስኮቱን በደቃቅ መረብ መሸፈን፣ ጋጣውን በነፍሳት ማባረሪያ መርጨት። ታይላንድ በ2020 የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ሴሮታይፕ 1 ድንገት ሲገባባትና ከ500 በላይ ፈረሶች ሲሞቱባት ከክትባትና ከዝውውር ገደብ ጋር ጋጣዎችን በመረብ አልብሳለች፤ በ2023ም ነፃ መሆኗ ተመልሶ ታውቆላታል። መረብ ክትባት እስኪደርስ ያሉትን ሳምንታት ለመሸጋገር ተወዳዳሪ የለውም። ብቻውን አገር አቀፍ ስልት ሊሆን ግን አይችልም፤ ጋጣ የሌለው፣ በሜዳ የሚያድር አህያና ፈረስ ብዙ ነው።

ማከምና እንክብካቤ

ዕቅድ አውጪዎች ሕክምናን እንደ በሽታ መቆጣጠሪያ አያዩትም፤ የግለሰብ ጉዳይ አድርገው ይተዉታል። ለአንድ ወገን በሽታዎች ግን ዋናው መሣሪያ ነው። ተላላፊው የሊምፍ ቧንቧ ብግነት፣ በኢትዮጵያ ከተሞች በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታየው፣ በእግርና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የሚፈነዱ እባጮችን ያወጣል። ብሪታንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካው ጦርነት በተመለሱ ፈረሶች ሲገባባት በማስወገድ አጥፍታዋለች። ያ የተቻለው ቁጥሩ ትንሽ ስለነበር ነው። በሽታው በሥራ ፈረሶች መካከል በተስፋፋበት አገር ያን መድገም የከተማን መጓጓዣ ማጥፋት ይሆናል። እዚያ የሚያዋጣው በጊዜ የተያዘውን በአዮዲን ውህዶች ማከምና ቁስሉን በየቀኑ ማጽዳት ነው። ከሁሉም በላይ የሚመጥን ማሰሪያ፣ ለስላሳ መደብ፣ ለየፈረሱ የራሱ ዕቃ መስጠት ያስፈልጋል። ኮርቻ ሠሪውና የጋሪ ዕቃ ሰፊው የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን ያህል የዕቅዱ አካል ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የቆዳው ግላንደርስና ይህ የፈንገስ በሽታ በዓይን ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። ግላንደርስ ባለበት አገር መግል በአጉሊ መነጽር ሳይታይና ደም ሳይመረመር ሕክምና መጀመር የሚያክመውን ሰው ለሞት ሊያጋልጥ ይችላል። ግላንደርስ በሌለበት አገር ደግሞ ያለ ምርመራ ማስወገድ ሊድን የሚችለውን ፈረስ ማጥፋት ነው።

መንጋጋ ቆልፍን በክትባት መከላከል ይቻላል፤ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ስለማይተላለፍ ግን የአገር አቀፍ ዘመቻ ጉዳይ አይደለም፤ ለሥራ እንስሳት ከሌላ ክትባት ጋር በአንድ ጉዞ ቢሰጥ ይበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ በጋማ ከብት ላይ ሲበዛ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ውሾች ክትባት ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ አህያውንም ባለቤቱንም ይጠብቃል።

እንደ አገሩ ሁኔታ መምረጥ

አገሩ ከበሽታው ነፃ ከሆነና በሽታው ከጎረቤት እያንዣበበ ከሆነ የመጀመሪያው ገንዘብ ለቅኝትና ለላቦራቶሪ ይሁን፤ ሁለተኛው ገንዘብ የክትባት አቅርቦት ውልን አስቀድሞ ለመፈረም። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ክትባት ማዘዝ ሳምንታት ይፈጃል፤ ትንኝ አትጠብቅም።

በሽታው በየዓመቱ የሚመላለስበትና የጋማ ከብቶቹ በአብዛኛው የሥራ እንስሳት የሆኑበት አገር ጨርሶ ማጥፋትን ለጊዜው ይተወውና ሞትን መቀነስን ግቡ ያድርግ። ወቅቱን የጠበቀ ክትባት፣ የመርፌ ንጽሕናና የቁስል እንክብካቤ ለዚያ ግብ ይበቃሉ። ግላንደርስ ከተገኘ ግን ይህ አካሄድ አይሠራም፤ ካሳ ተመድቦ መርምሮ ማስወገድ ይጀመር።

የተለያዩ ስልቶች ተጣምረው ሊሄዱ በሚችሉበት አገር የምዝገባ ጉዳይ ይቀድማል። አውሮፓ ከሐምሌ 2009 በኋላ ለተወለዱ የጋማ ከብቶች በቆዳ ሥር የሚቀበር ማይክሮችፕ አስገድዳለች። ያ ለብዙ አገሮች ውድ ነው። ቀለል ያለ የባለቤቶች መዝገብ ግን፣ በየገበያውና በየጋሪ ማቆሚያው ስልክ ቁጥር የያዘ እንኳ ቢሆን፣ ወረርሽኝ ሲነሣ የመጀመሪያውን ሳምንት ያተርፋል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት አባል አገሮች የተመዘገቡ በሽታዎችን ባረጋገጡ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ለዚያ ሰዓት መድረስ የሚቻለው ጋሪ ነጂው ጤና ጣቢያውን ለመጥራት ካልፈራ ነው።

በመጨረሻ የሚወሰነው፣ በተግባር ግን በመጀመሪያ መወሰን ያለበት፣ ዘመቻው የሚቆምበት ጊዜ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለጋማ ከብቶች የአገር ነፃነትን በይፋ የሚያረጋግጠው ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ ብቻ ሲሆን ነፃ የሚባለው አገርም መደበኛ ክትባት ካቆመ ቢያንስ 12 ወር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ነፃነትን ያሰበች አገር ክትባት የምታቆምበትን ወር፣ ከዚያም በኋላ የሚቀጥለውን የደም ቅኝት ወጪ በመጀመሪያው በጀት ላይ ታስቀምጥ። ነፃነትን ያላሰበች አገር ደግሞ ክትባቱን በሁለት ዓመት የፕሮጀክት ገንዘብ አትጀምር፤ ከመደበኛው ዓመታዊ በጀቷ ላይ መስመር ትክፈትለት።